ግራም ብቻውን እንዳይቆም ማን ከለከለው?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ሜሪላንድ ከከረመች ሦስተኛ ወሯ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ ጨው ቀንሺ፣ የምትበዪውንም ልክ በደብተር ያዢ ስላላት በየምሽቱ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መነጽሯን አድርጋ ትቀመጣለች። ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግላ ጡረታ የወጣች ሴት ናትና ቁጥር አያስፈራትም። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የታሸገ ቀይ ቦሎቄ ቆርቆሮ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ፊቱ ላይ «የተጣራ ክብደት 15 አውንስ (425 ግራም)» ይላል። ጀርባው ላይ ደግሞ የአንድ ጊዜ ምግብ መጠን «ግማሽ ኩባያ (130 ግራም)» ከተባለ በኋላ በቆርቆሮው ውስጥ «3.5 ያህል» ምግብ አለ ይላል።

«130 በ3.5 ሲባዛ 455 ነው፤ ፊቱ ላይ ግን 425 ተብሏል። 30 ግራሙን ማን ጨመረበት ልጄ?» አለችኝ።

እዚህ አገር ሃያ ዓመት ያህል ኖሬአለሁ፤ ያንን ቆርቆሮ ስንት መቶ ጊዜ እንደ ከፈትሁ አላውቅም። አንድም ቀን አባዝቼ አላየሁትም። ነገሩን ስመረምር ግን ስሕተት አለመሆኑን ተረዳሁ፤ ሕጋዊ ነው። 425 ለ130 ሲካፈል 3.27 ይመጣል። ደንቡ ደግሞ በ2 እና በ5 መካከል ያለ ቁጥር ወደ ቅርቡ ግማሽ ተጠጋግቶ እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ 3.27 ዘሎ 3.5 ላይ ዐረፈ። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። የሶዲየሙን ሚሊግራም በምግቡ ቁጥር እያባዛች በደብተር ለምትመዘግብ የ74 ዓመት ሴት ግን በሌለ ምግብ ላይ የተቆጠረ ጨው ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ስለ ቦሎቄ ልጽፍላችሁ አልተነሣሁም። የተነሣሁበት ጉዳይ በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ተጨናንቀው ስለሚኖሩት ሦስት የመለኪያ ሥርዓቶችና ይህን መጨናነቅ በሕግ ስለ ደነገገው ምክር ቤት ነው። አውንሱ ለልማድ፣ ግራሙ ለሳይንስ፣ ኩባያው ለማድ ቤት ተብለው ሦስቱም አንድ ላይ ታትመዋል። አንዱ ሌላውን በትክክል አይተረጉመውም። ለምሳሌ በአሜሪካ ልማድ ኩባያ ማለት 8 ፈሳሽ አውንስ፣ ማለትም 236.6 ሚሊሊትር ገደማ ነው። በሥነ ምግብ ሠንጠረዡ ላይ ግን መንግሥት ራሱ ኩባያን 240 ሚሊሊትር፣ ፈሳሽ አውንስን 30 ሚሊሊትር፣ የሾርባ ማንኪያን 15፣ የሻይ ማንኪያን 5 ብሎ ወስኖታል። ፊት ለፊት የተጻፈው ፈሳሽ አውንስ ግን 29.57 ሚሊሊትር ነው። ስለዚህ በአንድ ጠርሙስ ፊትና ጀርባ «አውንስ» የሚለው ቃል ሁለት ልዩ ልዩ መጠን አለው ማለት ነው። መንግሥት ቁጥሮቹ እንዲያምሩለት በፈለገ ጊዜ የቀየረው አውንሱን እንጂ ሚሊሊትሩን አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። የትኛው ጌታ የትኛው ሎሌ እንደ ሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ደግሞ አውንስ ራሱ አንድ አይደለም። ክብደት የሚለካ አውንስ አለ፣ ይዘት የሚለካ አውንስ አለ። በትልቁ የእርጎ ዕቃ ላይ 32 አውንስ ተብሎ ሲጻፍ ክብደት ስለ ሆነ 907 ግራም ነው። አጠገቡ በቆመው የወተት ዕቃ ላይ 32 ፈሳሽ አውንስ ሲባል 946 ሚሊሊትር ነው። «ፈሳሽ» የምትለዋን ቃል ያላስተዋለ ገዢ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያያቸዋል። እናቴ ማር ፈሳሽ ነው ወይስ ደረቅ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የሞኝ አልነበረም። ማር በጠርሙስ ሆኖ በክብደት ይሸጣል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንደኛው አንቀጽ ስምንተኛ ክፍል የሚዛንና የመለኪያን ደረጃ የመወሰን ሥልጣን ለኮንግረስ ሰጥቷል። ኮንግረስ በ1866 ሜትሪክን ሕጋዊ አደረገ። አገሪቱ በ1875 የሜትርን ስምምነት ፈረመች። በ1893 ፓውንድ በኪሎግራም አማካይነት እንዲተረጐም ተወሰነ፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ ፓውንድ ማለት በቁርጥ 0.45359237 ኪሎግራም ነው። ልብ አድርጉ፤ የአባቶቻችን መለኪያ እየተባለ የሚዘመርለት ፓውንድ በራሱ እግር መቆም ካቆመ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የሜትሪክ ሽግግር ሕግ ፈረሙ፤ ሕጉ ግን የሚያስገድድ ጥርስ አልነበረውም። ሽግግሩን እንዲመራ የተቋቋመው ቦርድ በ1982 በሬጋን ዘመን ፈረሰ። በ1988 ኮንግረስ ሜትሪክ ለአገሪቱ ንግድ «ተመራጭ ሥርዓት» ነው ብሎ ጻፈ። ተመራጭ! ተመርጦም በር ላይ ቆሞ ቀረ።

የማሸጊያና የመለያ ጽሑፍ ሕግ የወጣው በ1966 ነው። በ1992 ተሻሽሎ ከ1994 የካቲት ወር ጀምሮ የምግብ ማሸጊያዎች አውንሱንም ግራሙንም አጣምረው እንዲይዙ ታዘዘ። ይህ በጊዜው መልካም እርምጃ ነበር፤ እኔም አልነቅፈውም። የምነቅፈው ሰላሳ ዓመት አልፎም እዚያው ላይ መቸከሉን ነው። ዛሬ በዚህ ሕግ ሥር ያለ የምግብ አምራች 500 ግራም እህል በትክክል መዝኖ «500 ግራም» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ሕግ ተላላፊ ነው። እውነት ጽፏል፣ አልጐደለበትም፣ ማንንም አላታለለም፤ ግን ተላላፊ ነው።

የተገላቢጦሹስ? እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሥጋና ዶሮ በዚህ ሕግ ሥር አይተዳደሩም፤ በፓውንድና በአውንስ ብቻ ቢጻፍባቸው የሚጠይቅ የለም። እያንዳንዱ ክብደቱ የሚለያይ ጥቅል፣ ለምሳሌ ተቆርጦ የተመዘነ አይብ፣ ግራም እንዲይዝ አይገደድም። ሱቁ ውስጥ የታሸገ ምግብም እንዲሁ። እንግዲህ አውንስ በብዙ ቦታ ብቻውን መቆም ይችላል፤ ግራም ግን ያለ ሞግዚት ከቤት አይወጣም። «ሁለቱንም እኩል እናስተናግዳለን» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ከዚህ ፍረዱ።

ሕዝቡ ግራም ብቻውን ሲቆም ይደናገጣል የሚሉን አሉ። እነዚህ ሰዎች ወይን ጠጥተው አያውቁም ይሆን? የወይን ጠርሙስ ከ1979፣ የአረቄና የውስኪ ጠርሙስ ደግሞ ከ1980 ጀምሮ በአሜሪካ በሜትሪክ መጠን ይሸጣል። 750 ሚሊሊትር። አውንስ ባይጻፍበትም ሕጋዊ ነው። በዚያን ጊዜ አብዮት አልተነሣም፤ የሰከረው ሁሉ በሰላም ሰክሮ ወደ ቤቱ ገባ። በዚያው ሱቅ፣ በሚቀጥለው መደርደሪያ ላይ ግን ቢራ በሕግ በአሜሪካ መለኪያ መጻፍ አለበት። ለወይን ጠጪ የሚገባው ሚሊሊትር ለቢራ ጠጪ የማይገባው ለምን እንደ ሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ባለ ሁለት ሊትር ለስላሳስ? ከ1970 ጀምሮ በየልደት ድግሱ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ይኖራል። ሕፃናት ሳይቀሩ «ሁለት ሊትር» ብለው ይጠሩታል።

አንድ ወዳጄን ላንሣ። ከአገር ቤት በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን ሽሮ እያስመጣ ለአበሻ ሱቆች ያከፋፍላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጣለት ጭነት በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 500 ግራም ብቻ ነበር የታተመበት። ሊረከበው የተስማማው ትልቅ ገዢ መለያውን አይቶ አልቀበልም አለ። በመሆኑም ወዳጄ፣ ባለቤቱ፣ ሁለቱ ልጆቹና እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠን «1 ፓውንድ 1.6 አውንስ (500 ግራም)» የሚል ተለጣፊ ስንለጥፍ ሰነበትን። እጃችን በበርበሬ ብናኝ ተቃጥሎ ዓይናችንን ማሸት ፈርተን ነበር። ያንን በርበሬ የሚገዛው ማን ነው? አብዛኛው በኪሎ ያደገ ሰው ነው። «1 ፓውንድ 1.6 አውንስ» የሚለው ጽሑፍ ማንን እንደሚያገለግል በእውነት ንገሩኝ። ገዢው የሚያነበው ቀድሞውንም የነበረውን 500 ግራም ነው። ተለጣፊው ያገለገለው ሕጉን ብቻ ነበር። ትልቁ ኩባንያ ለዚህ አይጨነቅም፤ የሕግ ባለሙያም የማተሚያ መሣሪያም አለው። ሸክሙ የሚያርፈው ከውጭ አምጥቶ በሚሸጠው ትንሽ ነጋዴ ላይና ለሁለት ገበያ ሁለት መለያ ለማተም በሚገደደው የአገር ቤት አምራች ላይ ነው።

እኔ የምጠይቀው አውንስ ይታገድ አይደለም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ አፍ በከፈትኩ ቁጥር «መጤ መጥቶ መለኪያችንን ሊቀማን ነው» የሚል አይጠፋም። አውንስ የሚወድ አውንሱን ይጻፍ። እኔ የምለው ግራም ብቻውን መጻፍ የፈለገ ይፈቀድለት ነው። የአገሪቱ የደረጃዎች ተቋምም ኮንግረስ ሕጉን በዚሁ መንገድ እንዲያሻሽል ረቂቅ ሐሳብ አዘጋጅቶ ከያዘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክፍላተ ግዛቶቹ በሚቆጣጠሯቸው ዕቃዎች ላይ ደግሞ በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የናሙና ደንብ ሜትሪክ ብቻ መጻፍን ፈቅዷል፤ አብዛኞቹም ተቀብለውታል። የቀረው ኮንግረስ ነው። ጠዋት ማታ «መንግሥት ከነጋዴው ላይ እጁን ያንሣ» የሚሉት ወገኖች በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፃቸው የማይሰማው ለምን ይሆን? ነጋዴው እውነተኛ ቁጥር በመረጠው መለኪያ እንዲጽፍ መፍቀድ ነጻነት ካልሆነ ነጻነት ምንድን ነው?

በተቃራኒው ወገን የቆሙት ዋና ክርክራቸው ዋጋ ማነጻጸር ነው። «አንዱ ዕቃ በግራም፣ ሌላው በአውንስ ከተጻፈ ገዢው እንዴት ያወዳድራል?» ይላሉ። በመጀመሪያ ሲሰሙት ብርቱ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን በራሱ ላይ ይፈርዳል። በሕጉ ምክንያት እያንዳንዱ ተራ ማሸጊያ ዛሬም ግራሙን ይዟል። አንዱ አምራች አውንሱን ቢተው ሁሉም ዕቃዎች አሁንም የጋራ የሆነ ግራም አላቸው። ማነጻጸሪያው አልጠፋም። የመደርደሪያውን ዋጋ ብታዩ ደግሞ አንዱ በአውንስ፣ ሁለተኛው በፓውንድ፣ ሦስተኛው በኩዋርት ተሰልቶ ነው የምታገኙት። ፓውንድን ወደ አውንስ ለመመለስ በ16 ማካፈል አለባችሁ፤ ግራምን ወደ ኪሎ ለመመለስ ነጥቧን ሦስት ቤት ማራመድ ይበቃል። የትኛው ነው ለድኻ የሚቀለው?

እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ሜትሪክ ሌባን አያስቆምም። በአሜሪካ ስኳር ከ5 ፓውንድ ወደ 4 ሲወርድ፣ ቱና ከ6 አውንስ ወደ 5 ሲያንስ፣ «ግማሽ ጋሎን» የነበረው አይስክሬም 1.5 ኩዋርት ሆኖ ሲቀር አይተናል። ዋጋው ግን አልወረደም። በሜትሪኳ አውሮፓም በ2016 የእንግሊዝ ገበያ ቶብለሮን ቸኮሌት ከ400 ግራም ወደ 360 ወርዶ ጥርሶቹ እንደ አዛውንት ተራርቀው ታይተዋል። ልዩነቱ ግን አለ። 400 የነበረው 360 ሆነ ሲባል እናቴ ከመቶ አሥር ጐደለ ትላለች፤ ወዲያው። «ግማሽ ጋሎን» 1.5 ኩዋርት ሆነ ሲባል ጋሎን አራት ኩዋርት መሆኑን ለማያውቅ ሰው ቁጥሩ እንዲያውም የጨመረ ይመስለዋል። ከግማሽ ወደ አንድ ተኩል! ሩቡ እንደ ተወሰደበት የሚነቃው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

የልማድ ክርክርም አለ፤ ይህን አልንቀውም። እኔም ልማድ ካለው ሕዝብ ነው የመጣሁት። ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር እህል ተራ ስንሄድ በጣሳ ይሰፈር ነበር። ታችዋ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠች ጣሳ ነበረች፤ አያቴ ከመግዛቷ በፊት ጣቷን ከሥር እየሰደደች ትዳስሳት ነበር። ከዚያ በኋላ «ከምረው» ትላለች፤ ነጋዴው ይከምራል፤ «ምርቃቱስ?» ትላለች፤ አንድ እፍኝ ይጨምራል። ሚዛን ሲመጣ ምርቃት ጠፋ ብለው ያዘኑ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ጣሳዋ ሰው በሰው ፊት ቆሞ በሚከራከርበት ገበያ ላይ ነው የምትሠራው። በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ጣት አይገባም፤ ከምረው የሚባል ነጋዴም የለም። ያለን ቁጥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ግልጽ መሆን አለበት።

አገራችን የሜትሪክ ሕግ ያወጣችው በ1963 ነው። ቡናችን ግን ከዚያም በኋላ በፈረሱላ ዋጋ ሲጠራ ኖሯል፤ ፈረሱላውም 17 ኪሎ ነው ተብሎ ተቆርጦለታል። ማንም አልሞተም። ልማዱ በነጋዴው አንደበት ይኖራል፤ ሕጉ በኪሎ ይቆማል። የእንግሊዝን ነገርም አስታውሱ። ስቲቨን ቶበርን የተባለ የሰንደርላንድ አትክልት ነጋዴ በፓውንድ ብቻ በሚመዝን ሚዛን ሙዝ በመሸጡ በ2001 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2002 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ሙዝ በፓውንድ የሸጠን ሰው ወንጀለኛ ማለት ለእኔ ነውር ነው፤ በዚያ ቀን ከችሎቱ ደጅ ብኖር ከእርሱ ጋር በቆምሁ ነበር። ግን በተመሳሳይ ሕሊና 500 ግራም ጽፎ የተከለከለውን ወዳጄን እንዴት እተዋለሁ? ከአውሮፓ ኅብረት ከወጡ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ፓውንድን ብቻውን እንመልሰው ይሆን ብሎ በ2022 ሕዝቡን ጠየቀ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው መለሰ፤ በ2023 መጨረሻ የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው 98.7 በመቶው ሜትሪክ ብቻውን ወይም ሜትሪክ ዋና ሆኖ ይቀጥል የሚል ነበር። የፓውንድ አገር ሕዝብ ነው ይህን ያለው።

የሕፃናት ሐኪሞችም በበኩላቸው ተናግረዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2015 የልጆች ፈሳሽ መድኃኒት በሚሊሊትር ብቻ እንዲታዘዝ መከረ፤ የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ሲምታቱ ልጅ የመድኃኒቱን ሦስት እጥፍ ይውጣልና። ለሽሮፑ የተቆረቆረ አእምሮ ለሾርባው ቆርቆሮ የማይቆረቆረው ለስኳር በሽተኛ መጠን መድኃኒት ስላልሆነች ነው?

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የምትመርጡ ወገኖቼ፣ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ለየእንደራሴዎቻችሁ ስትጽፉ ኖራችኋል፤ እኔም ጽፌአለሁ። በዚያው ደብዳቤ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሩ፤ የ1966ቱ ሕግ ይሻሻልና አምራቹ ከፈለገ በሜትሪክ ብቻ ይጻፍ በሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም አያስከፍትም። እኔ የራሴን ባለፈው ሰኞ ልኬአለሁ።

እናቴ እስከዚያው መላ አግኝታለች። የማድ ቤት ሚዛን ገዝተን ከአውንስ ወደ ግራም ቀይራ በላዩ ላይ ማስታወሻ ለጥፋበታለች፤ «እንዳይነካ» ይላል። የቦሎቄውን ቆርቆሮ ገልብጣ ትመዝናለች፤ ደብተሯ ላይም ከ3.5 ይልቅ 3.27 ብላ ትጽፋለች።